ኪው ብቻዋን ስትወጣ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ፣ ጠያቂዎቹ ሳይተዋወቁ፣ አንዲት ፊደል ላይ ተገናኝተዋል። የእንግሊዝኛዋ ኪው ናት። ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ፤ የእናንተን ለሚቀጥለው አቆይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ቤት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከልጅ ልጄ ጋር ስክራብል (ፊደል እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበትን ጨዋታ) እንጫወታለን። 12 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ኪው እና አይ ብቻ ደርድሮ 62 ነጥብ ወሰደብኝ። "ይሄማ ቃል አይደለም፤ ኪው ያለ ዩ አይሄድም ተብለን ነው የተማርነው" ብለው ሳቀብኝ። ትርጉሙን ስጠይቀው "የሆነ የቻይና ነገር ነው" አለኝ። እውነት ቃል ነው ወይስ እያሞኘኝ ነው? ከሆነስ ሌላ እንዲህ ያለ ቃል አለ? እኔም እንድበቀለው።
(አያት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እናቴ፣ ልጁ አላሞኘዎትም። እንዲያውም ጎበዝ ተጫዋች ነው።

መጀመሪያ ነጥቡን እናጣራ። ስክራብል ላይ ኪው 10፣ አይ ደግሞ 1 ነጥብ ናቸው። ድምሩ 11 ነው። ልጁ ግን ኪውን ያስቀመጣት የፊደሉን ዋጋ በሦስት በሚያባዛው ደማቅ ሰማያዊ ሳጥን ላይ መሆን አለበት። ኪው 30 ሆነች፣ አይ ሲጨመር 31። ከዚያ ያቺው ኪው ወደ ጎንም ወደ ታችም ከአይ ጋር ተነባለች። 31 ሲደመር 31፣ 62። የስክራብል ሰዎች የሚያልሙት አቀማመጥ ነው።

ቃሉ "ቺ" ተብሎ ይነበባል። ቻይናዎች ትንፋሽ፣ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር የሕይወት ኃይል የሚሉት ነው። ድሮ እንግሊዞች በሲ-ኤች ነበር የሚጽፉት። ቻይና በ1958 እ.ኤ.አ ቋንቋዋን በላቲን ፊደል የምትጽፍበትን ሥርዓት ስታውጅ፣ ለዚህ ለ"ቸ" ቀረብ ላለ ድምፅ ኪውን መደበችለት። የአሜሪካ የስክራብል መዝገበ ቃላት ቃሉን የተቀበለው ግን በ2006 እ.ኤ.አ ነው። ስለዚህ እርስዎም አልተሳሳቱም። ከዚያ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ልጁን ቃሉን ከሰሌዳው ያስነሡት ነበር።

"ኪው ያለ ዩ አይሄድም" የሚለውን ሕግ በተመለከተ ግን እኔም ኃጢአቴን ልናዘዝ። 31 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ይህንን ሕግ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እግዜር ይቁጠረው። በ1983 ዓ.ም የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በየሬዲዮው በሚወራበት ሰሞን፣ 7ኛ ክፍል ዲክቴሽን ሰጠሁ። አንድ ልጅ ኢራቅን ጽፎ መጨረሻዋን ኪው አደረጋት፤ ያለ ዩ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩና ኬ አደረግኳት። ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። "ቲቸር፣ በአማርኛ ኢራቅ ነው እንጂ ኢራክ አይደለማ" አለኝ። "ሂድና ቁጭ በል" አልኩት። ከሳምንት በኋላ የመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ካርታ ቀና ብዬ ባይ፣ የአገሩ ስም እንዳለ በኪው ተጽፏል። ልጁ ቅ ስትሆን ኪው እንደምትገባ ማንም ሳይነግረው በጆሮው ደርሶበት ነበር። ያቺን ግማሽ ማርክ አልመለስኩለትም። አሁንም ትቆረቁረኛለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። የኛ ቀ እና የነሱ ኪው የአንድ አያት ልጆች ናቸው። በጥንቶቹ ሴማውያን ፊደል ውስጥ ቆፍ የምትባል ነበረች፤ ክብ ራስና ቀጥ ያለ እግር ያላት። አንዱ ዘሯ በደቡብ ዓረብ ፊደል በኩል ዞሮ ወደ እኛ መጣ። ቀን አሁን ጻፏትና እይዋት፤ ክቧም እግሯም አለች። ሌላው ዘሯ በግሪክ በኩል ወደ ጣሊያን ተሻገረ። እዚያ ኤትሩስካውያን ለአንድ የ"ከ" ድምፅ ሦስት ፊደል ይዘው ተቸገሩ። ከኤ በፊት ኬ፣ ከኢ እና ከአይ በፊት ሲ፣ ከዩ በፊት ደግሞ ኪው እያሉ አከፋፈሉ። ሮማውያን ይህን ወረሱ። ኪው ከዩ ጋር የተቆራኘችው ያኔ ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ንግሥት የሚለውን ቃል ድሮ በኪው አይጽፉትም ነበር። በሲ ይጀምሩና የደብልዩ ድምፅ ያለውን ፊደል ያስከትሉ ነበር። በ1066 ኖርማኖች ወርረው ከያዟቸው በኋላ ነው የፈረንሳይኛ ጸሐፊዎች ኪው እና ዩን ያስገቡላቸው።

እኛ ግን ለዚህ ነገር ሁለት ፊደል አላስፈለገንም። ቈ አለችን። ቈጠረ፣ ቍጣ እያሉ የሚጽፉ የድሮ ሰዎች ያውቋታል። ዩዋ ከፊደሏ ጋር አብራ የተሰፋች ኪው ማለት ናት። ዛሬ ሁሉም በቆ እና በቁ ሲጽፍ ልትረሳ ምንም አልቀራትም። እኔ አሁንም እጽፋታለሁ፤ አራሚያችን ያጠፋታል።

ግሪኮች ደግሞ ይህችን ፊደል ኮፓ አሏትና ከንባብ አስወጧት። ሙሉ በሙሉ ግን አልጣሏትም፤ ለ90 ቁጥር አስቀሯት። የግእዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደሎች ስለተወሰዱ፣ የኛ ፺ ኮፓ ናት። ስለዚህ የእንግሊዞቹ ኪው ዘመድ እኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ አለች፤ በፊደል ገበታውም፣ በቁጥሩም።

አሁን ወደ በቀሉ እንምጣ። ያለ ዩ የምትሄድ ኪው ያለባቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አብዛኞቹ እንግዶች ናቸው፤ ከእንግዶቹም የሚበዙት ከዓረብኛና ከዕብራይስጥ የመጡ ናቸው። ያ ማለት ኪዋቸው የኛው ቀ ናት። እርስዎ ከልጅ ልጅዎ ይልቅ በትክክል ያነቧቸዋል።

የመጀመሪያው ቆፍ ራሱ ነው። የዕብራይስጥ ፊደል ስም ሆኖ በኪው-ኦ-ፒ-ኤች ይጻፋል፤ ጨዋታው ላይ ይፈቀዳል። ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ በደንብ ያውቁታል። መዝሙር 118ን (በሌላው አቆጣጠር 119ን) ያስቡት፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ በ22 ፊደል ተከፍሎ በየፊደሉ 8 ቁጥር የያዘውን። 19ኛው ክፍል ቆፍ ነው። ልጁ ትርጉሙን ሲጠይቅዎ ዳዊትዎን ገልጠው ያሳዩት። እንዲህ ያለ ማስረጃ የሚያቀርብ የስክራብል ተጫዋች አይቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ፋቂር። ዓረብኛው ድሃ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ በምናኔ የሚኖርን ሰው ይጠሩበታል። በኬ መጻፉ ይበዛል፤ በኪውም ይሄዳል። ቃዲ የታወቀ ነው፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ዳኛ። ቃኢድ ደግሞ በሰሜን አፍሪካ አለቃ፣ ሹም ማለት ነው። ኒቃብና ቡርቃ ሁለቱም የሴቶች መሸፈኛ ናቸው። ልዩነታቸውን ልጁ ከጠየቀዎ፣ ኒቃብ ዓይንን ትቶ ፊትን ይሸፍናል፤ ቡርቃ ዓይን ላይም መረብ አለው።

እኔ በጣም የምወደው ቃናት የሚለውን ነው። ኢራን ውስጥ ከተራራ ሥር ውኃ ፈልገው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ከዚያ ውኃው በራሱ ቁልቁል እየፈሰሰ መንደር እንዲደርስ ከመሬት በታች መተላለፊያ ይቦረቡሩለታል። አንዳንዱ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ፀሐይ አያገኘውም፣ ሞተር አይፈልግም። ከላይ ሲታይ መስመር ይዘው የተደረደሩ ጉድጓዶች ብቻ ናቸው፤ አፈር ያወጡባቸውና ለጥገና የሚወርዱባቸው። በ2016 እ.ኤ.አ ዩኔስኮ የፋርስን ቃናቶች በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ቃሉ መነሻው ሸምበቆ፣ ቧንቧ ነው። ከዚያው ከሴማውያን ሸምበቆ በግሪክና በላቲን ዞሮ እንግሊዝኛ ውስጥ ካናል ሆኖ የገባ ቃል አለ። አንዱ ቃል በሁለት በር ገባ ማለት ነው፤ ቀድሞ የገባው በሲ፣ ኋላ የመጣው በኪው።

ቀድመው የገቡት ሁሉ እንዲሁ ልብስ ቀይረዋል። ቡናን ዓረቦች ቀህዋ ይሉታል፤ በቱርክና በሆላንድ ዞሮ እንግሊዝ ሲደርስ በሲ ተጻፈ። ጥጥም ቁጥን ነበር፣ ኮተን ሆነ። ሊቃውንት ዓረብኛውን ፊደል በፊደል መገልበጥ ከጀመሩ በኋላ የመጡት ናቸው ኪዋቸውን ይዘው የቀሩት።

አንድ ሊያስደስትዎ የሚችል አለ፤ ሱቅ። አዎ፣ የኛው ሱቅ። ዓረብኛው ገበያ ነው። በኤስ-ዩ-ኪው ይጻፋል። ዩ አለች ግን ከፊት ነው ያለችው፣ ኪው ከኋላ ብቻዋን ቀርታለች። ይህ ግን እንግሊዝና ሌላው ዓለም በሚጫወትበት በኮሊንስ ዝርዝር ያለ ነው። አሜሪካ የራሷ ዝርዝር ስላላት ከማውረድዎ በፊት ያረጋግጡ። ልጁ እንደገና እንዳይስቅብዎ።

ቀ ያልሆኑም አሉ። የአልባኒያ ሳንቲም ቂንዳር ተብሎ የሚነበብ ይመስላል፤ ግን የአልባኒያ ኪው ወደ "ቸ" ትጠጋለች። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ምባቃንጋ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። መጀመሪያ የበቆሎ ገንፎ ነበር ትርጉሙ፤ ኋላ የሶዌቶ ሙዚቃ መጠሪያ ሆነ። እዚያ ያለችው ኪው በዙሉ ምላስን ከላንቃ ጋር አጣብቆ "ጧ" አድርጎ መልቀቅ ናት። ፊደል የለንም ለሷ። በዚህ ሙዚቃ የታወቁት ሴቶች ማሆቴላ ኩዊንስ ይባላሉ። ሙዚቃቸው ኪው ያለ ዩ፣ ስማቸው ኪው ከነዩ።

እንግሊዝኛ ራሱ የወለደው ቢኖር ክወርቲ ነው። የኮምፒውተር ቁልፍ ሰሌዳ ላይ የላይኛውን መስመር የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፊደሎች ይመልከቱ፤ ኪው፣ ደብልዩ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ፣ ዋይ። ዝም ብሎ ተነቦ ቃል ሆነ። ማደንዘዣና ማረጋጊያ መድኃኒትን አሳጥረው ትራንክ ሲሉም በኪው ነው የሚጨርሱት። ረጅሙ ቃል ላይ ዩ አለች፤ ሲቆርጡት ጣሏት። ኳታር፣ ኢራቅና የአውስትራሊያው አየር መንገድ ኳንታስ ግን የቦታና የድርጅት ስም ስለሆኑ ጨዋታው ላይ አይሠሩም። ኳንታስ፣ ለነገሩ፣ በ1920 እ.ኤ.አ ሲመሠረት የኩዊንስላንድና የሰሜን ግዛት የአየር አገልግሎት ከሚለው ስም በየመጀመሪያ ፊደሉ የተለቀመ ነው። እኛ ደግሞ "ኳ" ብለን የሌለችዋን ዩ እንጨምርላቸዋለን፤ ኳታርንም ጭምር።

ይኸው ነው እናቴ። ስንቅ ይዘዋል። እሑድ ውጤቱን ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐረር አስጎብኚ ነኝ። ጫትን አንዱ መጽሐፍ በኬ-ኤች ይጽፈዋል፣ ሌላው በኪው-ኤ-ቲ፣ የኛ ሰው ደግሞ በሲ-ኤች። ፈረንጆቹ ሦስት የተለያየ ተክል ይመስላቸዋል። የቱ ነው ትክክል? ቃት የሚለውስ ከየት መጣ?
(ከጀጎል)

መልስ፦ ሦስቱም አንድ ቅጠል ናቸው ወንድሜ። ቃት ዓረብኛው ነው፤ ከቀይ ባሕር ማዶ እንዲያ ነው የሚሉት። ተክሉን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ፒተር ፎርስኮል የሚባል ስዊድናዊ ነው። ከዴንማርክ ንጉሥ ተልኮ የመን ሄደ፤ እዚያው በወባ ታሞ በ1763 እ.ኤ.አ ሞተ። ማስታወሻውን የጉዞ ባልደረባው ኒቡር በ1775 አሳተመለት። የላቲኑ ስም ካታ የመጣው ከዚያ፣ ከየመኖቹ አጠራር ነው። ሐረር በኩል ቢመጣ ኖሮ ማን ያውቃል፣ ዛሬ ሊቃውንቱ "ጫታ" ይሉት ነበር።

እንግሊዝኛው በኬ-ኤችም በኪውም ይቀበላል። ጋዜጣ ላይ የሚበዛው በኬ-ኤች ነው። በኪው ያለው ስክራብል ተጫዋቾች ዘንድ የተወደደ ነው፤ ሦስት ፊደል ሆኖ 12 ነጥብ ያስገኛል። በሲ-ኤች ያለውን ግን ለፈረንጅ አትጻፍ። ቻት ብሎ ያነበዋል፣ ወሬ ማለት ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ወደ አወዳይ ስንሄድ አብራን የነበረች እንግሊዛዊት ሰሌዳ አንብባ "እዚህ ሰው ወሬ ይሸጣል እንዴ?" ብላ ጠይቃኛለች። በርጫ ላይ ተቀምጦ ለሚያውቅ ሰው እንኳን ያን ያህል የራቀ ትርጉም አይደለም።

እግረ መንገድህን አንድ ነገር ንገራቸው። እንግሊዝ ከሰኔ 2014 እ.ኤ.አ ጀምሮ ከልክላዋለች። አሜሪካም ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ካቲኖንን በጥብቅ ከሚከለከሉት ውስጥ መድባዋለች። ለማስታወሻ ብሎ አንድ እስር ሻንጣው ውስጥ የሚከት አይጠፋም።

ኦሮምኛ ታውቃለህ ብዬ ልጨምርልህ። ከ1991 እ.ኤ.አ ወዲህ በቁቤ የተማሩ ልጆች ኪውን ያለ ዩ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ያነባሉ። ዋቃን በኪው ነው የሚጽፉት። ፈረንጅህ ኪው እንዴት ብቻዋን እንደምትነበብ ካላመነ፣ መንገድ ላይ አንዱን ተማሪ ጠርተህ አስነብበው።

ጥያቄ፦ ከቤር ሼቫ ነው የምጽፍልዎት። ሼቄል፣ የእስራኤል ገንዘብ፣ በእንግሊዝኛ አንዳንዴ በኬ፣ አንዳንዴ በኪው ተጽፎ አያለሁ። ልጆቼ "የቱ ነው?" ሲሉኝ መልስ አጣሁ።
(የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ይጻፋል። ዕብራይስጡ በቆፍ ስለሆነ ኪው ያደረጉት ለአጻጻፉ ታማኝ ናቸው። በዓለም አቀፉ የገንዘቦች ዝርዝርም በኪው ነው የሰፈረው። በየቀኑ እንግሊዝኛ ግን ኬ ይበዛል።

ለልጆችሽ ግን ከዚህ የተሻለ ልንገርሽ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ ሰቅል የሚለው እሱው ነው። ቃሉ ሳንቲም ከመሆኑ በፊት ሚዛን ነበር፤ ብር በክብደት ይከፈል በነበረበት ዘመን። በጥንቷ ሜሶጶጣሚያ የኖሩት የአካድ ሰዎች ሻቃሉ ሲሉ መስቀልም፣ መመዘንም፣ መክፈልም ማለታቸው ነበር። የኛ ሰቀለ የዚሁ ዘመድ ነው። የድሮ ሚዛን ምን እንደሚመስል ታስታውሻለሽ፤ ከአግዳሚ እንጨት ላይ በገመድ የተንጠለጠሉ ሁለት ሳህኖች። ሳትሰቅይ አትመዝኚም። ልጆችሽ በዕብራይስጥ የሚያውቁትን ባንቺ አማርኛ ያገኙታል።

በኬ ይሁን በኪው ሱቅ ስትገቢ የሚገዛልሽ ያው ነው። ስክራብል ላይ ብቻ ነው ልዩነቱ፤ በኬ 13፣ በኪው 18።